ቁንጭርን ፊት ላይ መሥራት፦ ጎንደር ላይ ከተቀረጸ አንድ ድራማ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

ጎንደርና አካባቢዋ ላይ ቁንጭር ስለሚባለው የቆዳ በሽታ የሚያስተምር አጭር የቴሌቪዥን ድራማ ተቀርጾ ነበር። የፕሮስቴቲክ ሜካፑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፕሮስቴቲክ ስል ፊት ላይ ከሚቀባው ቀለም አልፎ ተቀርጾ የሚለጠፈውን ቁራጭ ማለቴ ነው። ጠባሳ፣ እብጠት፣ ያረጀ ቆዳ፣ የተሰበረ አፍንጫ ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው።

እኛ አገር ይህ ሙያ ሲፈለግ በብዛት የሚጠየቀው ደም፣ የጥይት ቁስል ወይም የሽማግሌ ፊት ነው። በሽታን መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። የጥይት ቁስል ያየ ተመልካች ታሪኩን ይከተላል፤ ተነስቶ መስታወት አያይም። ቁንጭርን የሚያይ ተመልካች ግን መሃል ላይ እጁን ወደ ጉንጩ ሊሰድ ይችላል፣ ምክንያቱም እዚያች ቦታ ላይ ከወራት በፊት የወጣች አንድ ነገር አለች። ሥራው ተሳካ የምለው ያ ሰው ራሱን ሲያውቅበት ነው። ይህንን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩትም ለዚህ ነው፤ ከዕቃ ምርጫ እስከ ቀለም ድረስ ያለው ውሳኔ ሁሉ ከዚህች ነጥብ ነው የተነሳው።

የማንንም ስም አልጠራም፤ ያሠራውን ድርጅትም ጭምር።

ዳራ

ቁንጭር በሕክምና ስሙ የቆዳ ሌሽማንያሲስ ይባላል። የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ በእኛ አገር በብዛት ያለው ዓይነት ደግሞ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ይባላል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ከመሸ በኋላ የምትናከስ ትንሽ ዝንብ ናት። ገደልና ቋጥኝ ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ተሕዋሱን ተሸክሞ ያቆያል፣ ለዚህ ነው ገደል አጠገብ የሰፈሩ የደጋና የወይና ደጋ መንደሮች ላይ የሚበረታው። በኢትዮጵያ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው እንደሚይዝ ይገመታል። በመነካካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚወጣው ግን በአብዛኛው ፊት ላይ ነው፤ ጉንጭ ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ ከንፈር አካባቢ። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይተዋል። ያ ጠባሳ ለአንዲት የገጠር ልጅ የትዳር ጉዳይ ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ቦታ ነበረች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፣ ስለ በሽታው የሚያውቅ ሐኪም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መሥሪያ ክፍላችን ማራኪ አካባቢ የተከራየነው ቤት ነበር። ውጭ ውጭውን ግን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የገጠር መንደር ነው የቀረጽነው። ጊዜው የካቲትና መጋቢት፣ ዐቢይ ጾም ነበር። ቀን ላይ ፀሐዩ ይከራል፣ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። ይሄ የአየር ጠባይ ለተለጠፈ ፊት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሜካፕ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ገጸ ባሕርያት ነበሩ። አንደኛዋ አዲስ ያገባች ወጣት ናት። ጉንጯ ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ ታሪኩ ከዚያ ተነስቶ እስክትታከምና ጠባሳው እስኪቀር ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው የባሏ አባት ናቸው። ለዓመታት ሳይታከሙ ቆይተው አፍንጫቸው አብጦ መልኩን ቀይሯል።

ችግሩ

ስክሪፕቱ ላይ የወጣቷ ቁስል የተጻፈው "አስፈሪ ቁስል ፊቷን ሸፍኖታል" ተብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ ከውጭ አገር ፊልሞች የተወሰዱ ፎቶዎችን አሳየኝ፤ የተከፈተ ሥጋ፣ መግል፣ የተበላ ጉንጭ። ሐሳቡ ገብቶኛል። ሰው ካልደነገጠ ከተቀመጠበት አይነሳም ነው የሚለው፣ እና በሌላ ድራማ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር።

አማካሪ የነበሩት የቆዳ ሐኪም ፎቶዎቹን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ የተናገሩት ነገር ሥራውን በሙሉ ቀየረው። "እኔ ጋ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ለምን ዘገያችሁ ስላቸው፣ የኔ ትንሽ ናት፣ አያምም፣ ቁንጭር የሚባለውማ የእገሌ ፊት ላይ ያየሁት ነው ይሉኛል።" እውነት ነው። ቁንጭር ሲጀምር ብጉር ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ቀስ ብሎ ይሰፋል፣ ይጠነክራል፣ ላዩ ቅርፊት ይይዛል። ድራማው የተበላ ጉንጭ ብቻ ካሳየ፣ ጉንጩ ላይ ትንሽ ጠንካራ ነገር ያለችበት ሰው "የኔስ እንዲህ አይደለም፣ ተመስገን" ብሎ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። ሊያስተምር የወጣ ፕሮግራም ሰውን አዘገየ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስለዚህ የመልክ ነበር። ሁለተኛው የዕቃ ነበር፤ ምን እንጠቀም? በጀቱ ትንሽ ነው፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ጾም ነው። ሦስተኛው የቅደም ተከተል ነበር። ትዕይንቶቹ የሚቀረጹት በታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም። ጠዋት የታመመችበትን፣ ከሰዓት ከሠርጉ ማግስት ያለውን ልንቀርጽ እንችላለን። ቁስሉ ግን በታሪኩ ውስጥ የወራት ዕድሜ አለው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጆሮ ከተጠጋ ቤቷ ሆና የምታይ ማንኛዋም ሴት ታውቀዋለች።

የሄድንበት መንገድ

መጀመሪያ ከዳይሬክተሩና ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠን የወጣቷን ቁስል በአራት ደረጃ ከፈልነው። ከሽንብራ ፍሬ የማትበልጥ እብጠት፤ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ከፍ ያለ ጠንካራ ቁስል፤ ቅርፊት የያዘና መሃሉ የተከፈተ፤ በመጨረሻ ጠባሳ። ዳይሬክተሩ ይፈልገው የነበረው ክብደት ለአባትየው ተሰጠ። እሳቸው ላይ ያለው እብጠት ሳይታከም ሲቆይ የሚሆነውን ያሳያል፣ ወጣቷ ደግሞ ሲጀምር ያለውን። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ድራማውን አጠነከረው ብዬ አምናለሁ። ዳይሬክተሩም ይህን ሲያይ ከማንም በላይ የትንሿ እብጠት ተሟጋች ሆነ።

ለማጥናት የተጠቀምነው በሕክምና መጻሕፍት የታተሙ ፎቶዎችንና የሐኪሙን ገለጻ ነው። የአንድን ታካሚ ፊት አልቀዳንም። ጎንደር ትልቅ ከተማ ትምሰል እንጂ ሰው ይተዋወቃል። የአንድ ሰው ቁስል ቦታውና ቅርጹ ሳይቀየር ቴሌቪዥን ላይ ቢወጣ ጎረቤቱ "ይሄማ የእገሊት ነው" ይላል። ስለዚህ ጠርዙን ከአንዱ፣ ቅርፊቱን ከሌላው እያየን የማንም ያልሆነ ቁስል ሠራን።

የወጣቷ ቁስል

ለትንንሽ ቁስሎች የመረጥኩት ትራንስፈር የሚባለውን ዘዴ ነው። ለፊልም ሥራ ያዳበረው አሜሪካዊው የሜካፕ ባለሙያ ክሪስቲየን ቲንስሊ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቶበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁስሉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በሞዴል ጭቃ ትቀርጻለህ። ላዩ ላይ ሲሊኮን ታፈስና ሞልድ፣ ማለትም የቅርጹን ማፍሰሻ ታወጣለህ። ሞልዱን በወፈረ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ትሞላለህ፣ በማይጣበቅ ወረቀት ትሸፍነዋለህ፣ ፍሪዘር ውስጥ ታስገባለህ። ሲጠነክር ከሞልዱ ይላቀቃል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። እርጥብ ሳለ ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ነጭ ነገር እያየህበት ከለጠፍከው ገና ነው ማለት ነው። ቆዳ ላይ ሲለጠፍ እንደ ልጆች የማስቲካ ንቅሳት ወረቀቱን ከኋላ በውሃ አርሶ መላጥ ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ጠርዙ እጅግ ቀጭን ስለሚሆን በ99 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ቀስ ብሎ ሲነካ ቆዳው ውስጥ ይጠፋል። ከአንድ ሞልድ ብዙ ተመሳሳይ ቁስል ይወጣል፣ ይህ ደግሞ የቅደም ተከተሉን ችግር ግማሹን ይፈታል። ከእንስሳ የተገኘ ነገርም የለበትም።

ችግሩ ፍሪዘሩ ነበር። መብራት ሲሄድ ግማሽ የጠነከረ ማጣበቂያ ሞልዱ ውስጥ ይቀራል፣ ለማውጣት ስትሞክር ይቀደዳል። መፍትሔው የተገኘው ጀነሬተር ካለው አንድ ሆቴል ነው። ጾም ስለነበር የሥጋ ፍሪዘራቸው ባዶ ነበር፣ በደስታ ሰጡን። በፋሲካ ሰሞን ቢሆን ኖሮ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ቅርፊቱን የሠራነው በፉርሽካ ነው። ምጣድ ላይ ትንሽ ቆላ ተደርጎ፣ ተነፍቶ፣ ቀለም ከገባበት ማጣበቂያ ጋር ይለወሳል። ከውጭ የሚመጣው የቅርፊት ማስመሰያ ላዩ በጣም አንድ ወጥ ነው። የፉርሽካው ቅርፊት ግን አንዱ ጥግ ይነሳል፣ ሌላው ይተኛል፤ ልክ የደረቀ ቁስል እንደሚሆነው።

የአባትየው አፍንጫ

አባትየውን የተጫወቱት በዕድሜ የገፉ፣ የተከበሩ ተዋናይ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ለእሳቸው የአፍንጫ ቁራጭ ያስፈልግ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ የፊታቸውን ቅርጽ መውሰድ ግድ ነው። ሙሉ ፊት መሸፈን ለትልቅ ሰው ከባድ ነው፣ ስለዚህ አፍንጫና የጉንጭ መሃል ብቻ ወሰድን። ዕቃው ከባሕር ተክል የሚሠራው አልጂኔት ነው። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ቶሎ ይረጋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ከተለወሰ ግን ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ጢማቸውን በቫዝሊን ሸፈንን፣ የአፍንጫ ቀዳዳቸውን ክፍት ትተን ዙሪያውን ቀባን፣ ከላይ የጀሶ ፋሻ ደገፍንበት። እያንዳንዱን ነገር ከመንካታችን በፊት ምን እንደምናደርግ እየነገርናቸው፣ ከበቃቸው እጃቸውን እንዲያነሱ ተስማምተን ነው የሠራነው።

ለቁራጩ የመጀመሪያው ምርጫ ጄላቲን ነበር። ርካሽ ነው፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይፈሳል፣ ቆዳ ይመስላል። ለሙከራ ሲለጠፍ ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው?" ከእንስሳ ቆዳና አጥንት እንደሆነ፣ ገበያ ላይ ካለው ብዙው ደግሞ ከአሳማ እንደሆነ ነገርኳቸው። "እንግዲህ ጾም ነው፣ አፌ አጠገብም ነው" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የከብትና የዓሣ ጄላቲን አለ፣ ለሙስሊም ተዋናይ ሐላል የተባለውን መፈለግም ይቻላል። ለእሳቸው ግን ጥያቄው ጾሙ ነበር፣ ስለዚህ የትኛውም አይሆንም። ይህ ጥያቄ ከተዋናዩ ሳይሆን ከእኛ ከባለሙያዎቹ መምጣት ያለበት ይመስለኛል፤ ሰው ፊቱ ላይ ምን እንደሚለጠፍ ሳይጠይቅ የማወቅ መብት አለው።

ጄላቲኑ በሌላ በኩልም አላዋጣም። ሙከራው ላይ እሳት ዳር የሚቀመጡበትን ትዕይንት አስመስለን ነበር። ጄላቲን የሰውነት ሙቀትን ብዙም ሳያልፍ መለስለስ ይጀምራል። በዚያ ላይ ምድጃ፣ የመብራት ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ጠርዙ ተጠቀለለ፣ ጫፉም ወደ ታች ተንሸራተተ።

ወደ ሲሊኮን ዞርን። ሲሊኮን ውድ ነው፣ ሙቀት ግን አይበግረውም፤ ብርሃን ስለሚያሳልፍ እንደ ቆዳ ውስጥ ውስጡን ያበራል። የመጀመሪያው ቁራጭ ግን አልረጋ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ጠዋት ላዩ እንደ ማር ይጣበቃል። ሲሊኮኑ እንዲረጋ የሚቀላቀሉት ሁለቱ ፈሳሾች መጠናቸው ልክ ነበር፣ ሞልዱም ንጹህ ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ ጓንት ሆኖ ተገኘ። በፕላቲኒየም የሚረጋ ሲሊኮን ላቴክስን አይወድም፣ ድኝ ያለበትን የሞዴል ጭቃም እንዲሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው ተራ የሕክምና ጓንት ላቴክስ ነው። በናይትራይል ጓንት ተቀየረ፣ ሞልዱ በአልኮል ተጠረገ፣ ሲሊኮኑም ረጋ።

ከንፈራቸውን ለማሳበጥ የነበረውን ሐሳብ ተውነው። ጢም አላቸው፣ ሊላጩት አይፈልጉም፣ ጾማቸውን ፈትተው ከ9 ሰዓት በኋላ ሲበሉም ከንፈር ላይ ያለ ቁራጭ ከእህል ጋር ይለቃል። አፍንጫው ብቻውን በቂ ነበር።

ቀለሙ

ለሙያ ጓደኞቼ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ አንብቡ ብባል ይህንን ነው የምለው። ገበያ ላይ ያሉት የቁስል ቀለም ፓሌቶች በአብዛኛው ነጭ ቆዳን አስበው የተዘጋጁ ናቸው። ቁስል ማለት ቀይ፣ ዙሪያው ሮዝ፣ እየዳነ ሲሄድ ቢጫ። ይህንን ጠይም ቆዳ ላይ ስታስቀምጠው የተቀባ ነገር ይሆናል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊፕስቲክ ነው ይልሃል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት እንደ ቅላት አይታይም። ቦታው ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ጥቁር ቡኒ ይሆናል። ያበጠ ቆዳ ደግሞ ስለሚወጠር ያብለጨልጫል፣ ዓይን እብጠቱን የሚያውቀው ከቀለሙ ይልቅ በዚያ ብልጭታ ነው። ቅርፊቱ የቡና አተላ ዓይነት መልክ አለው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጠቆር ያለ ማር ይመስላል። ጠባሳው ሲቀር ደግሞ መሃሉ ከቆዳው ይነጣል፣ ዙሪያው ይጠቁራል።

ወጣቷ ጠይም ናት፣ ጋሼ ጥቁር ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት በሽታ በሁለት ቅምር ተሠራ። ለወጣቷ ወይን ጠጅና ቡኒ፣ ከታች በጣም ስስ የሆነ የጡብ ቀለም። ለእሳቸው የጡቡ ቀለም በሙሉ ቀርቶ ጥቁር ሰማያዊ ጠብታ ገባበት፤ እብጠቱ የታየው በብልጭታ ነው። ለሲሊኮኑ ዋናውን የቆዳ ቀለም ፈሳሽ ሳለ ውስጡ ቀላቅለነው ነበር፣ ላዩን ደግሞ በአልኮል በሚሟሟ ቀለም ጨረስነው፤ ውሃማ ቀለም ሲሊኮን ላይ አይዝም። ሁሉንም ሙከራ ያየነው በዓይን ሳይሆን በሚቀረጽበት ካሜራና በሚቀረጽበት መብራት ነው። መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ልክ የነበረው ቡኒ የገጠሩ ፀሐይ ላይ ሲወጣ አመድ ሆኖ ታይቷል።

ቦታውን መጠበቅ

ለቅደም ተከተሉ የሠራነው ነገር ቀላል ነው። ወጣቷ ጉንጯ ላይ የተፈጥሮ ጥቁር ነጥብ አላት። ከዚያ ነጥብና ከዓይኗ ጥግ እስከ ቁስሉ ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፣ በየደረጃው ጻፍነው። በየቀረጻው መጀመሪያና መጨረሻ ከፊት፣ ከጎን፣ ከታች ፎቶ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ። ፎቶዎቹ የተቀመጡት በቀረጻው ቀን ሳይሆን በታሪኩ ቀን ቅደም ተከተል ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ቦታው ላይ ቆመህ "ዛሬ የምንቀርጸው ከጠበል ከመጣች በኋላ ነው ወይስ በፊት?" ስትባል ግን በአንድ ጊዜ መልሱን የምታገኘው በዚያ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ትራንስፈሩ ሙቀቱንም ብርዱንም ቻለ። የሲሊኮን አፍንጫው ከጥንቃቄ ጋር ቀኑን ይዘልቃል፣ ከሰዓት ላይ ግን በአፍንጫ ክንፍ በኩል ላብ ስለሚያጠራቅም ጠርዙ እንደገና መያያዝ ነበረበት። አልጋ ላይ የሚተኙበት ትዕይንት ላይ ትራስ ጠርዙን አነሳው፣ ያንን በካሜራ ማዕዘን ነው ያለፍነው።

ቁስሉ እውነት መምሰሉ የታወቀው መንደሩ ውስጥ ነው። ወጣቷ ሁለተኛው ደረጃ ተለጥፎላት ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳለ አንዲት እናት መጡና አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቁንጭር ነው። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ፣ አትተይው።" ሜካፕ ነው ስንላቸው ለማመን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ መጣ፤ ከእሳቸውም፣ አጠገባቸው ከነበሩትም። የእገሌ ልጅ ፊት ላይ ያለው ይሄ ይሆን? የት ነው የሚታየው? ይከፈላል? እኛ የሜካፕ ሰዎች ነን፣ መልስ መስጠት የለብንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጠር ስንወጣ አንድ የጤና ባለሙያ አብሮን እንዲሆን ተጠየቀ፣ ተፈቀደም። ይህ መጀመሪያ ከበጀቱ ጋር መታሰብ የነበረበት ነገር ነው።

ሌላም ያልሠራ ነገር ነበር። በምሳ ሰዓት ሜካፑን ሳናነሳ ከተማ ውስጥ መመገብ ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ወጣቷ ምግብ ቤት ስትገባ አጠገቧ የነበሩት ተነስተው ሌላ ጠረጴዛ ያዙ። በመነካካት የማይተላለፍ በሽታ ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም፤ ድራማው የሚሠራውም ለዚህ ነው። እሷ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ከፍቷት ዋለች። "እውነት ያለባቸውስ በየቀኑ እንዲህ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሜካፕ ፊት ከቀረጻ ቦታ እንዳይወጣ ተደረገ፣ ምግቡ ወደ እኛ መጣ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

በሽታ የሚያሳይ ሥራ ሲመጣ ስክሪፕቱ ሳያልቅ ሐኪም ይግባ። ሜካፕ ክፍል ላይ የሚመጣ ሐኪም ቀለም ነው የሚያርመው፣ ስክሪፕት ላይ የሚመጣ ግን ታሪኩን ያስተካክላል። ዳይሬክተሩ "አጋንነው" ሲል አይሆንም ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ የእኛ ልምድ የሚያሳየው ክብደቱን ወደ ሌላ ገጸ ባሕርይ ወይም ወደ ሌላ የታሪኩ ወቅት ማዛወር እንደሚሻል ነው። እሱ ድንጋጤውን ያገኛል፣ ታማሚውም ራሱን ያገኛል።

የዕቃ ምርጫ ከዋጋ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የት ነው የሚቀረጸው፣ በምን ወቅት፣ የማን ፊት ላይ። ጾም፣ እምነት፣ አለርጂ፣ ጢም ሁሉ የሙያው አካል ናቸው። ማጣበቂያውን ከቀረጻው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ክርን ውስጥ ወይም ጆሮ ጀርባ መሞከር ግዴታ ይሁን፤ በቀረጻ ቀን ጠዋት ያበጠ ፊት ማንም አያድነውም። የላቴክስ ጓንት ሲሊኮን ከሚሠራበት ክፍል ይውጣ።

ቀለምን በተመለከተ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳም ሆነ ጅማ የምንሠራ ሰዎች የየራሳችንን የቁስል ቅምር መመዝገብ አለብን። ለቀይ ዳማ፣ ለጠይም፣ ለጥቁር፤ አዲስ ቁስል፣ የሳምንት ቁስል፣ የዳነ ቁስል። ተዘጋጅቶ ከውጭ እስኪመጣልን ከጠበቅን ብዙ እንጠብቃለን፣ ቆዳው ደግሞ ያለው እኛ ጋ ነው።

የማንሻ ሰዓትም ውል ላይ ለብቻው ይጻፍ። ፕሮዲውሰሮች የመለጠፊያውን ሰዓት ያስባሉ፣ የማንሻውን ግን ይረሱታል። ሲመሽ ሁሉም ደክሞታል፣ መኪናው ቆሟል፣ ሰው ይቸኩላል። ቁራጩ ዘይትነት ባለው ማስለቀቂያ ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ ተብሎ ነው የሚነሳው፣ ከዚያ ፊቱ ታጥቦ ቅባት ይቀባል። ተዋናዩ ቸኩሎ በእጁ ከገነጠለው የላይኛው ቆዳ አብሮ ይነሳል፣ በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ማጣበቂያ መቀባት ደግሞ አይቻልም።